ማንንም የማይሰልል ፕሮግራም

የማተሚያ ጠጋኙ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ቢሮ ውስጥ የታነቀ ወረቀት ከማተሚያ ሆድ ሲጎትት ይውላል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ብቻውን በሚኖርባት አንድ ክፍል ሌላ ነገር ይጠግናል፤ ሰዎች የኮምፒውተር ኮድ የሚጽፉበትን ፕሮግራም።

ፕሮግራሙን ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የጀመሩት እሱና ሁለት የኮሌጅ ጓደኞቹ ናቸው። የሚሸጠውን የሚገዙበት አቅም አልነበራቸውምና የራሳቸውን ሠሩ። በአንድ መስኮት ኮዱ ይጻፍበታል፣ ስህተቱ ይታደንበታል፣ ተሠርቶ ያለቀው ይሞከርበታል። ቃላቱን በቀለም ይለያል፤ ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈት እንኳ ትናንት የተሰረዘውን ይመልሳል። የፈለገ ወስዶ እንዲለውጠው የተሠራበትን ኮድ ለሁሉም ከፍተው በነጻ ለቀቁት። በወጣትነት ወኔም ተማማሉ፦ ፕሮግራማችን ማንንም አይሰልልም፤ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት እንኳ አይቆጥርም። ከዚያ አንዱን ትልቅ ድርጅት ወሰደው፣ ሌላውን ትዳር። መሐላው ለእሱ ብቻ ቀረ።

ክፋቱ፣ ፕሮግራም ደህና ሲሆን ማንም ለሠሪው አይጽፍም። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድም የኢሜይል ደብዳቤ አልደረሰውም። የሚጠቀምበት ሰው ይኑር አይኑር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

«ያንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው» አለችው ታላቅ እህቱ በስልክ፣ እሱ የዓመት ፈቃድ በወጣ ሰሞን። «ዝጋውና ምሳህን እንኳ ከሰው ጋር ብላ!»

«በወሩ መጨረሻ እዘጋዋለሁ፣ እትዬ» አላት። የምሩን ነበር።

ቤት የሚለቅ ሰው ጠርጎ ያስረክባል። እሱም አሮጌውን ኮድ ሲያጸዳ፣ ጥቅም የሌላት የመሰለችውን አንዲት መስመር አጠፋና የመጨረሻውን እትም ለቀቀ። በማግስቱ ጠዋት የደብዳቤ ሳጥኑን ሲከፍት ሁለት መቶ አሥራ አራት ደብዳቤ ጠበቀው። ለካ የተሰረዘውን የምትመልሰው ያቺ መስመር ኖራለች።

«ምን ነክቷችሁ ነው?» ይላል አንዱ። «አሥራ አንድ ዓመት አምኛችሁ!» ይላል ሌላው። «ከመካከላችሁ የሚያስብ ሰው የለም?» የሚልም አለ። ሁሉም የሚቆጡት አንድ ሕንፃ ሙሉ ሠራተኛ አለ ብለው ነው። እሱ ብቻውን በካልሲው ተቀምጦ አነበበ። ደስ አለው። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ስድቡን ሁለቴ ሁለቴ አነበበው።

ስህተቱን በሩብ ሰዓት አገኘው። ማስተካከያው እጁ ላይ እያለ ግን አልላከውም። «ትንሽ ይቆዩ» አለ በልቡ፤ ትንሿ እስከ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ደብዳቤው ይጎርፋል፣ እሱ ያነባል። ከዚያ አንዲት መምህርት ጻፈች፤ ስድብ የለበትም። «የተማሪዎቼ የሳምንት ሥራ በስህተት ተሰርዟል። አርባዎቹም ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። እንጠብቃችኋለን።»

አፈረ። ማስተካከያውን ወዲያው ላከው።

በማግስቱ ሳጥኑ ባዶ ነበር። ያመሰገነ የለም፣ የተሳደበም የለም። ሰዎቹ እንዳሉ አሁን ያውቃል፤ ከእንግዲህ መዝጋት አይችልም። ዝምታው ግን ከቀድሞው ባሰበት። ያቺን የመለሳትን መስመር ከፍቶ ብዙ አያት። አሁን ቢያጠፋት ነገ ጠዋት ሁሉም ይመጣሉ።

እጁን ከኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አነሣና እህቱ ዘንድ ደወለ።

«እትዬ፣ ዛሬ ልምጣ?»

«እሰይ! ዘጋኸው እንዴ?»

«አልዘጋሁትም» አላት። «ብቻ እዚህ ብቻዬን ባልቀመጥ ይሻላል።»