ዘጠና አምስት ሺህ ሃምሳ ሰባት

ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በሚወጣው ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ውጭው ጉም ነው። የናፍጣው ሽታ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ ዓይኔ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ዐረፈ፤ 95057። አንተ ብትሆን ቁጥር ነው ብለህ ታልፈዋለህ። እኔ ግን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

በፕላዝማ የምንማርበት ጊዜ ነበር። አንድ ዓርብ መብራት ጠፋና የሒሳብ አስተማሪያችን ይህን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉት። "ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ቁጥር አለ ወይስ የለም? በእጅ ብቻ። ሰኞ ቀድሞ በትክክል የመለሰ ደብረ ብርሃን ለውድድር ይሄዳል።" ደብረ ብርሃንን አይቼ አላውቅም ነበር። ጉጉቱ ምግብ ከለከለኝ።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ ስንሞቅ ጀመርኩት። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው የጾምና የበዓል ቀን የሚያወጡ፣ አገሩ ሁሉ "ፋሲካ መቼ ይውላል?" እያለ የሚጠይቃቸው። የደረቡት ባና ፀሐይ ሲመታው በግ በግ ይሸታል፤ ማካፈል ለእኔ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ነው። በሰባት ሞከርኩ፣ በዐሥራ አንድ፣ በዐሥራ ሦስት፣ በዐሥራ ሰባት፤ ሁሉም ትራፊ አለው። ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ አባቴ ፈገግ ብለው፣ "እሱን እንኳ ለእኔ ተዪው፤ ዕድሜዬን በዐሥራ ዘጠኝ ስገድፍ አይደል የኖርኩት" አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያስኬዱ አጉተመተሙ።

"ዐሥራ ስምንት" አሉኝ።

ዐሥራ ስምንት ተረፈ ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። እሑድ መሞከር የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ እስከ ሦስት መቶ ሰባት ድረስ ሞክሬ፣ የሚያካፍለው የለም ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ አስተማሪያችን ደብተሬን አይተው፣ "ዐሥራ ዘጠኝን በአምስት ሺህ ሦስት አባዢው" አሉኝ። አባዛሁት። እሱው ሆነ። ደብረ ብርሃን ሌላ ልጅ ሄደ።

ስሕተቱ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ዓመቱ በዐሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ፣ ማለት ሲካፈል፣ ምንም ካልተረፈ ባዶ አይባልም፤ ዐሥራ ዘጠኝ እንደተረፈ ይያዝና ከላዩ አንድ ይነሣለታል፤ ዐሥራ ስምንት ይሆናል። አባቴ ለፋሲካ እንደለመዱት ነበር የቆጠሩልኝ።

ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። "እህሳ፣ ቁጥሩ ምን ሆነ?"

"የሚያካፍለው የለም። ልክ ነበርን።"

"ውድድሩስ?"

"መኪና ጠፋ ተብሎ ቀረ።"

"እሺ ልጄ" አሉ።

በአባቴ አርባ ዕለት፣ የልጅነት ባልንጀራቸው የነበሩ ቄስ አጠገቤ ተቀመጡ። "ልጄን ከደብረ ብርሃን ያስቀረኋት እኔ ነኝ ይለኝ ነበር" አሉኝ። "ያን ሰኞ ቁጥሩን እንደገና ቆጥሮ ስሕተቱን ዐውቋል። እሷ እንዳላዝን ብላ ሸሸገችኝ፣ እኔም ሸሸግኳት ይል ነበር።"

ከዚያ ሰኞ ወዲህ አባቴ በየዓመቱ ፋሲካን ቆጥረው ሲጨርሱ፣ ለማንም ከመናገራቸው በፊት፣ "እስቲ አንቺ እዪልኝ" ይሉኝ ነበር። እኔ ሊያስተምሩኝ መስሎኝ ነበር።