ክፍሌ ጄኔራሉን የተሸከመ ዕለት

ክፍሌ ቁመቱ ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ድምፁ ግን ለራሱም የማይተርፍ ሰው ነው። ባሕር ማዶ፣ ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ይኖራል፤ እንጀራው ታማሚዎችን በቫን ወደ ሐኪም ቤት ማመላለስ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ የሚፈራው እማማ ሊየንን ነበር። ፍሬን ጠበቅ ካደረገ በጃንጥላቸው ትከሻውን ነካ የሚያደርጉት ቬትናማዊት አሮጊት ናቸው። የሁለቱም እንግሊዝኛ እኩል የተሰበረ ስለሆነ ግን በደንብ ይግባባሉ።

የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ሴንት ፖል ከተማ ወዳለው ቤተ መቅደሳቸው ወሰዳቸው። አድርሷቸው ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ግቢው ውስጥ ግን ጭንቀት ነግሷል። የጥንት ጀግናቸው ሐውልት በወርቅ ቅብ ወንበር ተቀምጦ ሊዞር አራት ሰው ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ወገቡን ይዞት ቀርቷል። እማማ ሊየን ጃንጥላቸውን ወደ ክፍሌ ቀሰሩ።

ክፍሌ ክርስቲያን ነውና ጠጋ ብሎ፣ “እማማ፣ ይሄ ጣዖት ነው?” ሲል ጠየቀ።

“ጄኔራል ነው። ሞንጎሎችን ያባረረ።”

ለጀግና ትከሻ መስጠት ኃጢአት አይሆንም ብሎ ከራሱ ጋር ተስማማና ከፊት ገባ። ችግሩ ሌሎቹ ተሸካሚዎች ብብቱ ሥር የሚቀሩ መሆናቸው ነው። ሲያነሡት ጄኔራሉ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ክፍሌ ጉልበቱን አጥፎ እንደ ዳክዬ መራመድ ጀመረ።

ሕንፃውን አንዴ ዞሮ መግባት እንደሆነ ማንም አልነገረው። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ የሚያውቀውን አደረገ፤ ታቦት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞር የለ? በሩን አልፎ ሄደ። ሦስቱ ተሸካሚዎች ሊያቆሙት ቢታገሉም ጉልበቱን አልቻሉትም። ከበሮው ተከተለ፤ መነኩሴውም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሉ። በሦስተኛው ዙር ሽማግሌዎቹ አጥር ተደግፈው ያለከልኩ ነበር።

ሲያወርዱት የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ አቶ ቱዋን፣ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። ሦስት ጊዜ ዙር ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እማማ ሊየን መሃል ገቡ።

“ሞንጎሎቹ ስንት ጊዜ መጡብን?”

“ሦስት ጊዜ።”

“ስንት ጊዜ አሸነፋቸው?”

አቶ ቱዋን ላባቸውን መጥረግ ተዉ። ኋላም ለክፍሌ አጎንብሰው እጅ ነሡት፤ እሱም የሚሠራው ቢጠፋው ከእሳቸው ይበልጥ አጎነበሰ።

ማታ ሚስቱ ማሚት የተላጠ ትከሻውን ቅባት እየቀባች ነገሩን ሁሉ ሰማች። የጣዖት ነገር ይነሣብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን፣ “ሶፋውን ፎቅ አውጣልኝ ስልህ ወገቤን ያልከኝስ?” አለችው።

በዓመቱ ቤተ መቅደሱ ክፍሌን በስሙ ጠራው፤ ዙሩም ሦስት ሆኖ ጸደቀ። ማሚት ልታይ አብራው ሄደች። ከእማማ ሊየን ጋር የጋራ ቋንቋ ባይኖራቸውም፣ አንዲት ጃንጥላ ሥር ቆመው ያንን የዳክዬ አረማመዱን እርስ በርስ እያሳዩ ሲስቁ ዋሉ።