ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው መምህር

የሒሳብ መምህሩ ትንሿ ትምህርት ቤት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎቹ «ድምፅ ማጉያው» የሚል ስም አወጡለት። አልተሳሳቱም። ጉልበቱን የጨረሰው በትልልቅ ትምህርት ቤቶች፣ ሰባ ሰማንያ ልጅ በታጨቀባቸው ክፍሎች ነው። እዚያ ድምፁ ከኋላ የተቀመጡት ዘንድ ካልደረሰ አስተማረ አይባልም። «ገባችሁ?» ይላል፤ «አዎ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ አፍ፤ ሰሌዳው ይጠረጋል፤ ኑሮ ይቀጥላል። እዚህ ግን ከፊቱ የሚቀመጠው አንድ ልጅ ብቻ ነው። «ገባሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ድምፁ ጠባቧን ክፍል ዞሮ ራሱ ጆሮ ላይ ያርፋል።

ቤቱ ቀድሞ የጥርስ ክሊኒክ ነበር፤ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ያለው ፎቅ። በየክፍሉ ጥግ ነጭ የእጅ መታጠቢያ እንዳለ ቀርቷል። ዳይሬክተሯ ከእሱ በዕድሜ የምታንስ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚነቃነቅ ሴት ናት። የቀጠረችው ዕለት በሮቹን እየከፈተች አሳየችው።

«እዚህ ድሮም ሰው አፉን የሚከፍተው በግድ ነበር» አለችው። «አሁንም ብዙ አልተለወጠም።»

ቀጥላም የቤቱን ሥርዓት ነገረችው። ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ተማሪ ሁሉ የየራሱ ዕቅድ አለው። አንዱ በኬሚስትሪ ሲሮጥ በቋንቋ ያነክሳል፤ ሌላዋ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ምዕራፍ ላይ ትከርማለች። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ማንም በማንም አይጎተትም። እርሳሱ የተማሪው ነው፤ መምህር በተማሪ ወረቀት ላይ እጁን አያሳርፍም። አብሮት የተቀመጠው መምህር «ደርሷል» ካላለ ደግሞ ማንም ለመግቢያ ፈተና አይቀርብም።

«ካልደረሰስ?» አላት።

«ለከርሞ ነዋ። እኛ ችኮላ የለብንም።»

ችኮላ ያለባት ግን አንዲት ልጅ ነበረች። መምህራኑ «ፈጣኗ» ይሏታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምታሳድጋት ታላቅ እህቷ ናት፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ፋብሪካው ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነው። እህትየው ይህን ለመምህሩ የነገረችው ደረጃው ላይ ቆማ፣ እስትንፋሷ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነበር።

«መምህር፣ ሳልደብቅ ልንገርዎት። ወይ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ወይ ከእኔ ጋር ሄዳ የስፌት መኪና ላይ ትቀመጣለች። እዚህ ብቻዋን ትቻት አልሄድም። ለከርሞ የሚባል ነገር እኛ ቤት የለም።»

«አይዞሽ» አላት። «ልጅቷ እሳት ናት።»

እውነቱን ነበር። ፈጣኗ ጠረጴዛው ማዶ ትቀመጣለች፣ ጥያቄውን ታነባለች፣ እርሳሷን ታነሳለች፤ ብዙም ሳትቆይ መልሱ ከች ይላል። አንዳንዴ «አሥራ ሁለት... አይ፣ አሥራ አራት» ትላለች፤ አሥራ አራት ልክ ነው። «ልክ ነው ቲቸር?» ብላ ትጠይቃለች ሁልጊዜ፤ እሱም «እንዴታ!» ይላታል። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ልጅ አላጋጠመውም። ማታ ማታ ለሚስቱ ስለ እሷ ሲያወራ ሚስቱ «ልጃችን በሒሳብ አንደኛ የወጣች ጊዜ እንዲህ አልፈነጠዝክም» ትለዋለች።

ከዚያ ሞዴል ፈተናው መጣ። ተማሪዎቹ ብቻቸውን፣ በየክፍላቸው፣ በር ተዘግቶ ሠሩ። ፈጣኗ ከመቶ ሠላሳ አንድ አመጣች።

መምህሩ እርማቱን ደገመው። ያው ነው። ታማ እንደሆነ ጠየቃት፤ አልታመመችም። ደንግጣ እንደሆነ ጠየቃት።

«አልደነገጥኩም ቲቸር። ባዶ ሆነብኝ። ጥያቄውን አየዋለሁ፣ እሱ ግን አያየኝም።»

ነገሩን የፈታችው እህትየው ናት፣ ለዚያውም ሳታውቀው። ውጤቱን ሰምታ ከሥራ በቀጥታ መጣችና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሹራቧ ላይ የክር ብጥስጣሽ ተጣብቆባታል።

«ከእርስዎ ጋር ስትሆን ትችላለች አላሉኝም?»

«ከእኔ ጋርማ አንድም አትስትም።»

«እሷ እኮ ከሰው ጋር ስትሆን ሁሉን ታውቃለች» አለች እህትየው ፈገግ ብላ። «ከሕፃንነቷ ፊት ታነባለች። እናታችን ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሐኪሙ ገና አፉን ሳይከፍት እጄን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆነሻል ብላት፣ ‹ፊቱን እይው› አለችኝ።»

መምህሩ የፈተና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ለልጅቷ ቀላል ጥያቄ ሰጣት። ፈጣኗ «ዘጠኝ» አለች፤ ልክ ነው። እሱ ሆን ብሎ ቅንድቡን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሰበሰበ።

«አይ... ስድስት» አለች ወዲያው። «ልክ ነው ቲቸር?»

ያን ሁሉ ወር ሒሳብ ሳይሆን እሱን ስታጠና ከርማለች። ቅንድቡን፣ የከንፈሩን ጥግ፣ መነጽሩን የሚያስተካክልበትን ጊዜ፤ እሱ ራሱ የማያውቀውን ሁሉ አውቃለች። አንድ ልጅ ከአንድ መምህር ጋር ፊት ለፊት ካልተቀመጠ የማይመጣ ጥፋት ነው። ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ማን የማንን ቅንድብ ያያል? ሊቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። በምትኩ የመጣበት ግርምት ነው። ስንት ዓይነት ብልሃት አለ? እንዲህ ያለ ንባብ የምትችል ልጅ ምን ብትሆን ነው ወረቀቱን ማንበብ የማትችለው?

ወንበሩን አነሳና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

«ቲቸር?»

«እዚህ ነኝ።»

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። ሥሪ።»

«አስቀየምኩዎት?»

«አላስቀየምሽኝም። ከዛሬ ጀምሮ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማስተምርሽ።»

ሳቀች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እሱ አልዞረም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከዞረ ፊቱ ሁሉን እንደሚነግራት አውቋል።

ያ ሳምንት ለሁለቱም መከራ ነበር። መልስ ትሰጣለች፣ ትለውጣለች፣ «ልክ ነው ቲቸር?» ትላለች፤ እሱ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይላታል፤ «እኔማ አላውቅም» ትላለች። ዳይሬክተሯ በበሩ መስታወት አየቻቸውና ሲወጣ አግኝታ «ተጣላችሁ እንዴ?» አለችው። ጉዳዩን ሲነግራት ትከሻዋ አልተነቃነቀም።

«መምህር፣ የተፈታኞችን ስም የምናስተላልፍበት ቀን ደርሷል። እርስዎ ደርሳለች ካላሉኝ አልልካትም። እህትየውን አውቃታለሁ፤ ታሳዝነኛለች። ቢሆንም አልልካትም።»

«አይላኩ» አላት። «ገና ናት።»

ገና ናት ያለው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ለልጅቷ ስለ ውሃ ታንከር የሚጠይቅ ጥያቄ ሰጣት። ታንከሩ ሾጣጣ ነው፤ ሹሉ ወደ ታች፣ ሰፊው አፉ ወደ ላይ። ውሃ በእኩል ፍጥነት ይገባበታል። ግማሹ ላይ ሲደርስ የውሃው ከፍታ የሚጨምረው በምን ያህል ፍጥነት ነው? ብዙ ልጆችን የጣለ ጥያቄ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ግድግዳው ላይ የድሮው የጥርስ ሐኪም መብራት የተሰቀለበት ቀዳዳ አለ፤ እሱን እያየ ጠበቀ።

እርሳሱ መሄድ ጀመረ። ከታች ጎማ ጠጋኙ ብረት ይቀጠቅጣል። እርሳሱ ፈጥኖ ሄደና ቆመ። መልሱን አገኘች ማለት ነው። መምህሩ «ልክ ነው ቲቸር?» እስክትለው ጠበቀ።

አላለችም።

«አይ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ወንበሯ ተንቋቋ።

«አይደለም። እንዲህ ከሆነማ ከታችም ከላይም እኩል ይፈጥናል ማለት ነው። ከላይ ይሰፋል እኮ። ሲሰፋ... ብዙ ውሃ ይበላል። ስለዚህ እየቆየ ቀስ ማለት አለበት።» ላጲሱ ወረቀቱን ፈገፈገው። «ስፋቱን ዝም ብዬ እንደማይለወጥ ያዝኩት። ስፋቱም ከከፍታው ጋር አብሮ ይሄዳል።»

ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከመምህሩ ኋላ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ፣ ከዚህ በፊት በዓለም ያልነበረ ነገር እየተሠራ ነው፤ እሱ ሊነካው አይችልም፤ ሊያፈጥነውም፣ ሊያየውም። የሚሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው፤ ይያዛል፣ ይለቀቃል። ሕፃን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ለቆ ሲቆም እንደሚያየው አባት፣ ቢያስነጥሰው የሚያፈርሰው መሰለውና አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘ።

እርሳሱ እንደገና ሄደ፤ አሁን ቀስ ብሎ። አንድ ጊዜ ቆመ። ቀጠለ። መጨረሻ ላይ አጭር መስመር ሲሰመር ሰማ።

ከዚያ ገጹ ተገለጠ። ፈጣኗ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፋለች። አልጠየቀችውም። እዚያ መኖሩንም የረሳች መሰለው።

ሰዓቷ አልቆ ስትወጣ ወረቀቱን አየው። መልሱ ልክ ነበር።

«ደርሳለች» አላት ዳይሬክተሯን።

«ጠዋት ገና ናት አላሉኝም?»

«ጠዋትማ ገና ነበረች።»

«ስንት ጥያቄ ሠርታ ነው?»

«አንድ።»

ዳይሬክተሯ ትኩር ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ምን እንዳየች አይታወቅም፤ ስሟን ግን አስተላለፈች።

ያን ዕለት ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ዛሬ አንድ ልጅ ስታስብ ሰማሁ።»

«እና?»

«እናማ፣ ሰማሁ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስትሰማ ኖርክ ታዲያ?» አለችው፣ አንሶላውን በአንድ በኩል እንዲይዝላት እያቀበለችው።

ለጨዋታ ነው ያለችው። እሱ ግን አንሶላውን እንደያዘ ቀረ። እነዚያ ክፍሎች መጡበት፤ ሰባው፣ ሰማንያው ራስ፤ ስማቸውን የረሳቸው፣ ፊታቸው ብቻ የቀረው። ከኋላ ተቀምጦ በመስኮት የሚያየው። ጥፍሯን የምትነክሰው። ምናልባት እነሱም አንድ ቀን፣ አንድ ቅጽበት፣ «አይደለም» ብለው ለራሳቸው ተናግረው ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት «ገባችሁ?» ብሎ የጮኸው እሱ ነው። ያ ሁሉ ዝምታ በሥሩ ሲያልፍ እንደ ወንዝ ላይ ድልድይ ቆሞ ኖሯል።

«ያዝ እንጂ» አለች ሚስቱ። ያዘ።

ፈተናው ተሰጠ፣ ሳምንታት አለፉ፣ ውጤት ወጣ። እህትየው ከፋብሪካው ደወለች፤ ከኋላዋ መኪኖቹ ይጮኻሉ።

«መምህር፣ ገባች። ምሕንድስና ነው የደረሳት፣ የፈለገችው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «እሷስ? ደስ አላት?»

«ደስ ሳይላት አይቀርም። ፈተናው ላይ ያልሠራችው አንድ ጥያቄ አለ አሉ፤ እሱን ይዛ ተቀምጣለች። ትናንት እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት የመጣ ሰው ሁሉ ቀና ሳትልለት አጠገቧ ተቀምጦ ሄደ። አላበቃም ወይ እላታለሁ፤ ገብተሻል እኮ፣ ከእንግዲህ ማን ይጠይቅሻል እላታለሁ። አትሰማኝም። እስቲ እርስዎ ይንገሯትና ትተወው። ማታ ልደውልልዎት?»

«ደውዪ» አላት።

ማታ ደወለች። ስልኩን ወደ ልጅቷ ስትወስደው የነጠላ ጫማዋ ኮሽታ ይሰማል።

«ይኸውልዎት፣ አሁንም አቀርቅራለች። ልስጣት?»

«ቆይ» አላት መምህሩ። «አትስጫት። ጠረጴዛው ላይ ብቻ አስቀምጪው።»

«ምን ሊያደርግልዎት?»

«አስቀምጪው፣ እቴ።»

እህትየው አስቀመጠችው። መምህሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ተቀመጠ፤ ሚስቱ ራት ቀርቧል ስትለው ቆይ እንደማለት እጁን አነሳላት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ፣ በጣም ከሩቅ፣ የእርሳሱ ድምፅ መጣ።