ሳይባረክ የተቆረሰው ዳቦ

ሰው ከማኅበር አስወጥቼ አውቃለሁ። አንዴ ብቻ ነው፤ ግን አስወጥቻለሁ። ሁለተኛዋን ላስወጣ ስል የሆነውን ነው እዚህ የምጽፈው።

በንጉሡ ጊዜ ነው። አቃቂ ውስጥ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ፈተላ ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመን እንውላለን፤ ብናኙ ቅንድባችን ላይ ያርፍና ከፈረቃ ስንወጣ ሁላችንም አሮጊት እንመስላለን። ከክፍሉ አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ እንጠጣ ነበር። አብዛኞቻችን ከየአገራችን ብቻችንን የመጣን ነን። ስንወልድ የሚያርሰን፣ ብንሞት የሚያለቅስልን ማኅበሩ ነው። ከማኅበር መውጣት አቃቂ ላይ ዘመድ ማጣት ነበር።

ሰብሳቢዋን ሙሴ እንላታለን፤ ሙሴዋ እኔ ነበርኩ። በዕድሜ ከብዙዎቹ አንሳለሁ፤ ግን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ደግሞም አታዳላም ብለው መረጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ አላዳላም።

ሕጋችን ብዙ አልነበረም። አንዱ ግን የማይነካ ነው፤ ባለተራዋ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ቄሱ መጥተው ሳይባርኩት ማንም ቢላ አያሳርፍበትም። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የወሩ ባለተራ ቤት ስንደርስ ዳቦው ከዳር ተቆርሶ ጠበቀን።

“ማነው የቆረሰው?” አልኳት።

“እኔ ነኝ” አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ሕጉን ነግሬ አስወጣኋት። ከዚያ ወዲያ ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ሆነው ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም።

የነሐሴው ተራ ደግሞ ባሏ የሞተባት አንዲት ሳቂታ ሴት ዘንድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ሲሞላላት ነው። ጾም ስትገድፍ “አፌ ቀድሞኝ ነው” ብላ ትስቃለች። ማኅበር የገባችው ለጨዋታው እንጂ ለእምነት አይደለም ብዬ በሆዴ እጠራጠራት ነበር።

በሃያ አንድ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። አቃቂ ወንዝ ሞልቶ በዳርቻው ያሉትን ቤቶች አጥለቀለቀ። ጠዋት ፈረቃ ላይ ሳለን፣ ቤታቸው ውኃ የገባባቸው ሰዎች የፋብሪካው አሮጌ የጥጥ መጋዘን ውስጥ መጠለላቸውን ሰማን። ከንፈር መጥጠን ሥራችንን ቀጠልን። ከሰዓት በኋላ ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ባለተራዋ ቤት ሄድን። ቤቷ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ውኃው አልነካትም። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ጠላው ተቀድቷል። የዳቦውን መሶብ ብከፍተው የተጋገረበት ኮባ ብቻ ቀርቷል።

“ዳቦውስ?” አልኳት።

“ሄደ።”

“ወዴት?”

“መጋዘን። እግር አውጥቶ።” ማንም እንዳልሳቀላት ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ልጆቹ ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ጠላ አላጠጣቸው ነገር! ዳቦውን ወስጄ ቆረስኩላቸው።”

“የእመቤታችንን ዳቦ!” አሉ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ።

“እመቤታችን ራሷ ልጅ ይዛ ተሰዳ የለም እንዴ እትዬ?” አለች ሌላዋ ከጥግ።

“አንቺ ዝም በይ! ቄሱን ብትጠብቅ ምን ነበረበት?”

“ቄሱ የሚመጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው” አለች ባለተራዋ። “ሕፃን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ዝም በል ይባላል?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። “ሕጉን ታውቂያለሽ” አልኳት። “ያችኛዋ በዚሁ ነው የወጣችው።”

“አውቃለሁ። ስቆርሰው ፊትሽ ነበር የሚታየኝ፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር።” ተነሥታ ጽዋውን አመጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። “ስሞት ግን ብቅ በሉ” አለች። እየሳቀች ነው፤ ዓይኗን ግን ከጽዋው ላይ አላነሣችም።

በዚህ መሐል የንስሐ አባታችን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ኮባውን አገላብጠው አዩት።

“እንግዲያ ዳቦው ወዳለበት እንሂዳ” አሉ።

“ተበልቷል እኮ አባታችን!”

“የበሉት አሉ አይደል?”

ተከትለናቸው ወረድን። መጋዘኑ እርጥብ ጥጥ ጥጥ ይሸታል። ሕፃናቱ አሮጌ ማዳበሪያ ላይ ተኝተዋል። ሳሙናና ጨው የሚሸጥልን የስልጤው ባለሱቅም ሱቁ ውኃ ገብቶበት ከነልጆቹ እዚያው አለ፤ ትንሿ ልጁ የዳቦ ቁራሽ ይዛለች። እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ።

“ሳይባረክ ነው እኮ የበላችሁት” አልኩ።

ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ። “እሱ ባይሆን መች እንበላው ነበር እህቴ? ቄሱ ከባረኩት በኋላ ቢመጣ ኖሮ ለእኛ አይሆንም፤ ክርስቲያኑ ሲበላ እኔና ልጆቼ እያየን ጦማችንን እንውል ነበር። ጠይቄያት ነው የበላነው። ‘ገና አልተባረከም፤ ለሁሉም ይሆናል’ አለችኝ።” ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሮ፣ “አይቀየሙኝ አባ” አለ።

“ጨርሰኸው ነው እንጂ ከአንተ ላይ በተካፈልኩ” አሉት ቄሱ። መጋዘኑ ሳቀ። እሳቸውም እዚያው ቆመው ጸሎት አደረሱ፤ ባለሱቁም በራሱ መንገድ መዳፉን ዘርግቶ አሜን አለ።

ዳገቱን ስንወጣ አጠገባቸው ሄድኩ። “አባታችን፣ እምነት የሌለበት በጎ ሥራ ብቻውን አያድንም ብለው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ።”

“ብያለሁ። እምነት የላትም ያለሽ ማነው?”

“ጾም ትገድፋለች። ቅዳሴ ትቀራለች።”

“ስቆርሰው እጄ ተንቀጠቀጠ አላለችሽም? የማታምን ሴት ዳቦ ስትቆርስ እጇ ምን ያንቀጠቅጣታል?”

“ታዲያ ትውጣ ወይስ ትቆይ?”

“ሙሴዋ አንቺ ነሽ” አሉኝና ከዘራቸውን ተደግፈው ቀደሙኝ።

ቤት ስንገባ ጽዋውን አንሥቼ ለባለተራዋ መልሼ ሰጠኋት። እልል ተባለ። ትልቋ ሴትዮ ብቻ አጉረመረሙ። እኔ ግን ጠላዬን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት። ይቺ ካልወጣች ያችኛዋስ?

በማግስቱ ለምሳ ማሽኑ ሲቆም ዞሬ ያባረርኳትን ሴት ፊቷን አየሁት። “ያኔ ዳቦውን ለማን ነበር የቆረስሽው?” አልኳት።

እጇ ላይ ያለውን ጥጥ አራግፋ ጨረሰችና፣ “ለመጠየቅ ስድስት ወር ፈጀብሽ” አለች። “ለባሌ ነው። ከፈረቃ ወጥቶ ደጃፌ ላይ ወደቀ። ለማኅበሩ ዳቦ ስንዴ ሳጠራቅም ወሩን ሙሉ ከራሱ እየቀነሰ ነበር የሚበላው። እሱን አስተኝቼ ደጅ ሲንኳኳ እናንተ ናችሁ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ! ዳቦውን አየሽ፣ ሕጉን አነበነብሽ፣ ሄድሽ። የመጋዘኑ ሰዎች ረሃብ ነው ረሃብ? የእኔ ባል ረሃብ ጥጋብ ነው?”

“ተመለሺ” አልኳት።

“ማስወጣቱም አንቺ፣ መመለሱም አንቺ?” ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ፍርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የማውቀው ግን ለሁሉም እኩል መጨከንን ብቻ ነበር። እምነቴም እንደዚያው ነበር። ጾሜን አልገድፍም፣ ስግደቴን አላጎድልም፤ ዳቦውን ስጠብቅ ደጃፍ ላይ የወደቀውን ሰው አላየሁትም።

መስከረም ሃያ አንድ ተራው የእኔ ሆነ። ዳቦው ሲወጣ በመሶብ አድርጌ አስቀመጥኩት። ቄሱ እስኪመጡ ገና ብዙ ነው። ቢላ አነሣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ይህን የምጽፈው ሳላፍር ነው። ከዳሩ አንድ ትልቅ ቁራሽ ቆርሼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ያባረርኳት ሴት ቤት ሄድኩ። የከፈተልኝ ባሏ ነው፤ ከፈረቃ መግባቱ ነበር። ቁራሹን ሰጠሁት።

“ተባርኳል?” አለኝ ግራ ገብቶት።

“አልተባረከም። ላንተ የተቆረሰ ነው” አልኩት።

ደጃፉ ላይ እንደቆመ ጎረሰ። ከውስጥ ሚስቱ፣ “ነጠላዬን የት ነው ያደረግሽው?” ብላ ልጇን ስትቆጣ ሰማኋት።

ተከትላኝ መጣች። ቤቴ ስንደርስ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ ትልቋ ሴትዮ መሶቡን ከፍተው ቆመዋል።

“ማነው የቆረሰው?” አሉ እየጮሁ።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ያቺ ሴት ከኋላዬ አልፋ ገባችና ቄጤማው ላይ ተቀመጠች። “ለማን እንደቆረሰችስ አትጠይቋትም?” አለቻቸው።