በቅሎ ናት የተባለችው ብስክሌቴ

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ግን እኔ ካልተናገርኩ የሚናገርልኝ ሰው አልቀረም። ትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የመስኮት ማጠፊያ እንድጠግን ተጠርቼ። ፊደል የለየሁት ከባትሪ ድንጋይ ካርቶን ላይ ነው። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት አንዱን ፈትቼ መግጠም አቅቶኝ፣ ሁለተኛውን ፈትቼ ስለገባኝ ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት እስኪሞት አኩርፎኝ ኖሯል። ሕግ ያወቅሁት ቀበሌ ሸንጎ በር ላይ ቆሜ ሰው ሲካሰስ በመስማት ነው። መሐል ሜዳም ሞላሌም ቀየትም ገበያ ላይ፣ ሰዓቱ የቆመበት ሁሉ “ሰውየው መጥቷል?” ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው እኔ ነኝ።

ብስክሌቷም ወደ እኔ የመጣችው በሙያዬ ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት፣ አንድ የግብርና ባለሙያ ወደ ቆላ ሲዛወር፣ ሬዲዮውን ለጠገንኩበት “እሷን ውሰዳት፤ በዚህ አገር ዳገት የምሸከማት እኔ ነኝ” ብሎ ትቶልኝ ሄደ። መንዳት ማንም አላስተማረኝም። ሦስት ቀን ወደቅሁ። በአራተኛው ቀን የወደቅሁት ሰው ቆሞ ስላየኝ ነው፤ እሱን አልቆጥረውም።

የምነዳት ለጨዋታ አልነበረም። ጓሳ ከሚባለው የሣር ሜዳ ማዶ ታላቅ እኅት ነበረችኝ፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በስተርጅና ዓይኗ ጠፋ፣ እግሯም አልነሣ አለ፣ ከመደብ አትወርድም። ልጇ ከሩቅ ከተማ የሚልክላት ደብዳቤ በእኔ በኩል ነው የሚመጣው። ጎረቤቶቿ የመንደሩ አስተማሪ እንዲያነብላት ቢሉ “እሱ ሲያነበው ማመልከቻ ይመስላል” አለቻቸው። እኔ ሳነበው ልጇን ይመስላል። በእግር ለመሄድ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ጉልበቴ ደግሞ ጣሪያ ስከድን ወድቄ የተጎዳ ነው። በብስክሌት ግን ማለዳ ከወጣሁ ቀትር ሳይሆን እደርሳለሁ።

መንገዱ የገብሱን ማሳ ካለፈ በኋላ ጠጠር ብቻ ነው። በሳምንት አንድ መኪና ካለፈበት ብዙ ነው። ጓሳ ሲገቡ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ግራና ቀኝ እንደ ደን ይገጥማል፣ ከሱ በላይ ረጅሙ የጅብራ ተክል ተገትሯል፣ ከሰንሰለቱ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ጭላዳ ዝንጀሮው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይቆይና ስደርስ ቀስ ብሎ ይለቅልኛል፤ ከወረዳው ሹማምንት ይልቅ እሱ ያከብረኛል። ጠጠር ላይ መንዳት ጥበብ አለው። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን የያዘ ሰው በአፍንጫው ይደርሳል። እኔ የፊቱን ፍሬን ይዤ አላውቅም፤ ተበጥሷል። የኋላውም ስለተበጠሰ ከመኪና ጎማ በተሠራው በረባሶ ጫማዬ ጎማውን እጫነዋለሁ። ጎማን በጎማ ማቆም ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የምንቆርጠው ረጅም ሣር ነው፤ ቦታውም በሣሩ ስም ይጠራል። ሣሩ እንዲያገግም ሽማግሌዎች ለዓመታት ይዘጉታል። በተዘጋ ጊዜ ማጭድ አይገባም፣ ከብት አይገባም። ይህ ሕግ ከእኔ ይበልጣል፤ የሚበልጠኝ ነገር ብዙ ስላልሆነ እዚህ ላይ ልመስክር።

በተዘጋ በሳምንቱ፣ ደብዳቤ በኪሴ ይዤ መሐል ጓሳ ስደርስ የኋላው ጎማ ከመነዳሪ ፈነዳ። መለጠፊያ አልነበረኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። እኔ ጎማውን ከፈትኩ፣ ከመነዳሪውን አውጥቼ ከአጠገቤ ሣር ነጨሁና ጠቀጠቅሁበት፣ መልሼ ዘጋሁት። ትንሽ ታንገጫግጫለች እንጂ ትሄዳለች። አንድ ኮረብታ እንደወረድኩ የጓሳው ጠባቂ፣ መሣሪያውን ያነገተ ጎልማሳ፣ ከአስታው ውስጥ ብቅ አለ።

“ጋሼ፣ ይውረዱ።”

“ለምን እወርዳለሁ?”

“ከብት ይዘው ገብተዋል።”

“የቱን ከብት?”

በዘንጉ መሪዋን ነካ አደረገ። “ይቺን።”

“ይቺ ከብት ናት?”

“ሰው ተሸክማ ትሄዳለች። ዳገት ላይ አንገቷን ይዘው ሲጎትቷት አይቻለሁ። ሌላው ከብት ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?”

ወስዶ በረት ውስጥ ከሁለት አህዮች መሐል በገመድ አሰራት። እኔን በእግሬ መለሰኝ። በማግስቱ ልጠይቃት ብሄድ “ገለባ ሰጥቻት ነበር፣ አልበላችም። እንደ ጌታዋ ኩሩ ናት” አለኝ። ጥፋተኛ ከተባልኩ ብስክሌቷ ጓሳ እስኪከፈት ሦስት ዓመት አትረግጠውም። እኅቴ ሦስት ዓመት አልነበራትም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጥዱ ሥር ተቀመጡ። ሰውም ተሰበሰበ፤ እኔ ስናገር ሁልጊዜ ይሰበሰባል። ሌሊቱን ያዘጋጀሁትን ክርክር ቆሜ አቀረብኩ።

“አባቶቼ፣ ጓሳ የሚዘጋው ሣሩ እንዳይበላ ነው። ከብት የሚባለው የሚበላ ነው። ይቺ ብስክሌት ከተሠራች ሣር በልታ አታውቅም። ከአፏ አንዲት ዘለላ ሲወጣ ያየ ካለ ይምጣና ይመስክርብኝ።”

“አፏ የት ነው?” አሉ ዋናው ዳኛ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚበልጥ ሽማግሌ።

“የላትም። ክርክሬም ይኸው ነው።”

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም። ጠባቂው ግን ተነሥቶ ብስክሌቷን በጎኗ አስተኛት። “እኔም ከአፏ አይደለም ያየሁት” አለና በጎማው ጠርዝ ብቅ ያለች አንዲት ዘለላ ይዞ ሳበ። ሣሩ ተከታትሎ ወጣ። ጠጠሩ ሲያደቀው ስለዋለ፣ የታረደ በግ ጨጓራ ሲገለበጥ የሚወጣውን መስሎ ነበር።

“ስታመሰኳ ነው የያዝካት” አለ አንዱ ከኋላ።

ሳቁ እስኪበርድ ዳኛው ጠበቁ። “እንግዲህ ምረጥ” አሉኝ። “ወይ እሷ በልታለች፣ ወይ አንተ አጭደሃል።”

ሕግ የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሣር ያጨደ ሰው ቅጣት ከብት ካስገባው እንደሚብስ አውቃለሁ።

“በልታለች” አልኩ።

“ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለመሆኑ የት ስትሄድ ነበር?”

“ጉዳይ ነበረኝ።”

“ጉዳዩ እኅትህ አይደለችም?”

ሌሊቱን ሙሉ ካዘጋጀሁት ውስጥ እሷ አልነበረችም። በሕግ የሚረታ ሰው በእኅቱ ሕመም ይለምናል እንዴ?

“ናት” አልኩ በመጨረሻ።

“ይህን መጀመሪያ ብትለን ሰንበታችንን እዚህ ባልዋልን። ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰው በቅሎው አፏ ተሸብቦ በመንገዱ ያልፋል። ከአባቶቻችን የመጣ ነው። ሕግ አዋቂ ነህ፣ አታውቀውም?”

ሰምቼው አላውቅም ነበር። “አውቀዋለሁ” አልኳቸው።

“ብስክሌት ብትሆን አናሳልፋትም ነበር፤ ስለ ብስክሌት የተነገረን የለም። ከብትነቷን ግን ራስህ መስክረሃል። ትሸበብና ትለፍ። ሣር ዳግመኛ ከጎማዋ ቢገኝ ያጨድከው አንተ ነህ።”

እዚያው ከገመድ ሽባብ ተጎነጎነ፤ በቅሎ ሣር እንዳትነጭ አፏ ላይ እንደሚታሰረው ያለ። የት ይታሰር በሚለው ትንሽ ተከራከሩ፤ የበላችው በኋላዋ ስለሆነ ከኋላ ይሁን ያለም ነበር። በመጨረሻ ጠባቂው ከሩቅ እንዲያየው መሪዋ ላይ ተንጠለጠለ። ሰው እያየ ወጣሁ፤ ዳገቷ ላይ አንገቷን ይዤ ስጎትታትም አዩ።

ከመነዳሪውን ጠግኜ በማግስቱ እኅቴ ጋ ደረስኩ። ብስክሌቷን እንዳይሰርቋት ቤት አስገብቼ መደቧን ተደግፋ እንድትቆም አደረግኋት። እኅቴ እጇን ስትዘረጋ ሽባቡን አገኘችው። ጣቷን በገመዱ ላይ እያስኬደች ቆየች።

“ወንድምዓለም፣ በቅሎ ገዛህ?”

“ገዛሁ፣ እታለም።”

“እሰይ። በዚያች ብረት ላይ ሰው ይስቅብሃል ብዬ እጨነቅ ነበር” አለችና ደብዳቤውን እንዳነብላት ተስተካክላ ተቀመጠች።

እንግዲህ የሠራሁት ይህ ነው። በአገሬ ብስክሌት የነዳሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ካልሆንኩም ያለ ፍሬን የነዳሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ብስክሌት ከብት መሆኗን በራሴ ቃል አስፈርጃለሁ፣ ፍርዱንም እስከ ዛሬ የሻረው የለም። በተዘጋ ጓሳ ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ በሕግ አልፌያለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት ዘለላ አልነጨሁም፤ ሦስት ጊዜ ከመነዳሪ ፈንድቶብኝ ሦስቱንም ጊዜ ተሸክሜያት ገብቻለሁ። እኅቴንም እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ያለ ደብዳቤ አልተውኳትም፤ ልጇ ያልጻፈ ጊዜ እኔ ጽፌ አነብላት ነበር። “ዛሬስ አሳምሮ ጽፏል” ያለችው የእኔውን ነው።