ኖራ የመሰለን ውሃ

ከሽንኩርት ማሳችን በላይ የእብነ በረድ መቁረጫ ፋብሪካ ሲከፈት የወንዛችን ውሃ ነጭ ሆነ። አባቴ ደስ አለው። የእኛ አካባቢ አፈር አሲዳማ ስለሆነ የግብርና ባለሙያው ኖራ ጨምሩበት እያለ ሲመክረን ኖሯል፤ ኖራው ግን በሰዓቱ አይደርስም። አባቴ "ይኸው በእግሩ መጣልን" ብሎ የመስኖውን ቦይ አሰፋው። እኔም ዶማ ይዤ አብሬው ቆፈርኩ። ሌሎችም እኛን አይተው ቆፈሩ።

ማዶ ባሚያ የምታለማው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጇ ጎረቤታችን ብቻ ሳቀችብን።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት ወተት ይጠጣል እንዴ?"

"ቆይ፣ ስንነቅል ታያለሽ" አላት አባቴ።

"እሺ፣ እናያለን። የእኔ ባሚያ የጉድጓድ ውሃ ይበቃዋል።"

ሦስት ጊዜ እንዳጠጣን አፈሩ ነጭ ቅርፊት ያዘ። ሲደርቅ እንደተለሰነ ግድግዳ ጠነከረ፤ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ አይሰርግም። ሽንኩርቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ራሱ ሳይወፍር ቀረ። ሌላ ጊዜ አሶሳ ገበያ በባጃጅ ጭነን የምንወስደውን፣ ያን ዓመት በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ደንበኛዬ የሆነችው ቸርቻሪ አገላብጣ አየችና "እህቴ፣ ይሄን ልላጠው ወይስ ልፈልገው?" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። አባቴም መሬቱን ለሰው ሰጥቶ እዚያው ፋብሪካ ቀን ሥራ ሊገባ አሰበ።

ቀበሌው ለስብሰባ ጠራን። የፋብሪካው ኃላፊ "ውሃውን ቦይ ቆፍራችሁ ያስገባችሁት ራሳችሁ አይደላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ይህ እውነት ነበር።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ ስጠየቅ ድምፄ አይሰማም። ግን ከማሳው የፈነቀልኩትን ቅርፊት በሻሽ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ተነሳሁ።

"አዎ፣ እኛ ነን የቆፈርነው" አልኩ። "ኖራ መስሎን ነው። የምትለቁት ምን እንደሆነ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ፤ አልነገራችሁንም።"

ቅርፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከኃላፊው ፊት ከነበረው የታሸገ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው አልሰረገም፤ ተንሸራቶ የሰውዬው ወረቀት ላይ ፈሰሰ።

ጎረቤታችን ከኋላ "አሁን ወረቀቱም ኖራ አገኘ" ስትል ሰው ሳቀ። ኃላፊው ወረቀቱን አራገፈና ቅርፊቱን አንስቶ በጥፍሩ ፋቀው። ከዚያ በኋላ ቦይ ስለመቆፈራችን አላነሳም።

የእብነ በረዱ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ኩሬ በፋብሪካው ግቢ የተቆፈረው ብዙ ከተመላለስን በኋላ ነው። እኛም የማሳውን ቅርፊት በዶማ እየፈነቀልን አወጣን፤ ፍግ ጨመርንበት። ዘንድሮ የማሳው ግማሽ ሽንኩርት ይዟል። ሌላው ግማሽ ገና ነው፤ እሱንም እንመልሰዋለን። አባቴ የቀን ሥራውን ነገር ትቶታል።

ኩሬው እንዳይሞላ በየሳምንቱ ሄጄ የማየው እኔ ነኝ። የፋብሪካው ጥበቃ "ዛሬም መጣሽ?" ይለኛል። "መጣሁ" እለውና አልፌው እገባለሁ።