«ያልታወቀ» የሚባለው ጦረኛ

እትዬ ካርድ ይሏታል። በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ ይሳሳታል። ሥራዋ ከውጭ ላየው ቀላል ነው። በሽተኛው በመስኮቱ ቀዳዳ ቁጥሩን ይነግራታል፣ እሷ ከአርባ ሺህ ካርድ መካከል የሱን ትመዛለች። ቁጥሩን ከረሳ ስሙን ይነግራታል። ስሙ ከመቶ ሰው ስም ጋር ከተመሳሰለ ደግሞ፣ «አምና ዝናቡ ሲገባ እግሬን አሞኝ መጥቼ ነበር» ይላታል፤ በዚያም ታገኘዋለች። ሐኪሞቹ አንድም ቀን አመስግነዋት አያውቁም። ካርዱ በራሱ እግር ጠረጴዛቸው ላይ የሚወጣ ነው የሚመስላቸው።

አግብታ ነበር። ባሏ በአራተኛው ዓመት «ትንሽ ተንፍሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ ይኸው አሥራ አምስት ዓመቱ፣ እስካሁን እየተነፈሰ ነው። ካርድ ክፍሉ ውስጥ የጠፋ በሽተኛ ካርድ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይወገድም የሚል መመሪያ አለ። እሷም አምስት ዓመት ጠበቀችና ልብሱን ለጎረቤት ሰጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ትዳር ሐሳቧን ሲጠይቋት፣ «መልካም ነገር ነው፤ ቦታ ይይዛል እንጂ» ትላለች።

ከሦስት ዓመት በፊት አስተዳደሩ ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ አለ። ካርዱ እስካሁን ከወረቀት ባይወጣም፣ ለሠራተኞቹ የአራት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ በመጨረሻው ቀን እትዬ ካርድ ማውዙን እንደ ብረት ካውያ እየገፋች ጠረጴዛውን ስትተኩሰው አየና፣ «እርስዎ እቤትዎ ቢለማመዱ ይሻላል» አላት። እሷ የተባለችውን የምትሠራ ሰው ናት። ከአንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛች። ስትከፍተው መሀሉ ላይ የአንድ ግንብ ሥዕል አለ። የማውዝ መለማመጃው ይህ ነው ብላ ተጫነችው።

መለማመጃ አልነበረም፤ የጦርነት ጨዋታ ነው። አንድ ጥንታዊ አገር ይሰጥሃል፣ እህል ታዘራለህ፣ ብረት ታስቆፍራለህ፣ ሠራዊት ታደራጃለህ፣ ከዚያ በኢንተርኔት ከማታውቀው ሰው ጋር ትዋጋለህ። እትዬ ካርድ በመጀመሪያው ቀን ማውዙን ተለማመደች። በሁለተኛው ቀን ሁለት መንደር ያዘች። ወሩ ሲያልቅ ሦስት ወንዝና አንድ ወደብ በእጇ ነበር። አሠልጣኙ እንዴት እየሆነልዎ ነው ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ፣ «እጄ እየተፍታታ ነው» ትለው ነበር።

ጨዋታው መጠሪያ ስም ጠይቋት ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ራሱን ስቶ የመጣ፣ ስሙን የሚናገርለት ሰው የሌለው በሽተኛ ካርዱ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል። እሷም ሌላ ስም ስላልመጣላት «ያልታወቀ» ብላ ገባች።

ሌሎቹ ተጫዋቾች ሀብታቸውን በፈረስና በባንዲራ ይጨርሱ ነበር። እትዬ ካርድ ጆንያ ነበር የምትቆጥረው። የቱ ጎተራ የት እንዳለ፣ በየትኛው መንገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሁሉንም በቃሏ ትይዛለች። ለአርባ ሺህ በሽተኛ ያልደከመ ራስ ለሦስት ሺህ እግረኛ አይደክምም። ቀስ እያለች የጦር ታሪክ መጻሕፍትም ከመንገድ ዳር ሻጮች መግዛት ጀመረች። ናፖሊዮን ሞስኮ ድረስ ዘልቆ ሠራዊቱን ረሃብና ብርድ እንደጨረሰበት ስታነብ እንደ ሌላው አንባቢ አላዘነችም። «ስንቁን የሚመዘግበው ማን ነበር?» ብላ ገጹን አገላበጠች። ስሙን አላገኘችውም። እንዲህ ያለ ሰው ስም እንደማይጻፍ ከራሷ ታውቃለች።

አሁን ወደ ሻለቃው እንምጣ። ሻለቃው የታናሽ እህቷ ባል ነው። በመኮንኖች ማሠልጠኛ ሃያ ስድስት ዓመት የጦር ታሪክ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። ጦርነት አይቶ አያውቅም ማለት ስም ማጥፋት ይሆናል፤ አይቷል፣ በካርታ ላይ፣ በቀይና በሰማያዊ እርሳስ። እሁድ እሁድ እህቷ ቤት ምሳ ይበላል፣ ሻለቃው ያስተምራል። ጨው መያዣው የጠላት ምሽግ ነው፤ ሹካዎቹ ፈረሰኞች ናቸው። ሐኒባል ዝሆኖቹን እየነዳ የአልፕስን ተራራ የሚሻገረው ዳቦው ላይ ስለሆነ፣ ዳቦ የፈለገ ሰው ዝሆኖቹ እስኪወርዱ መጠበቅ አለበት። የእህቷ ልጆች አድገው ከቤት የወጡት ለትምህርት ነው ይባላል። እትዬ ካርድ ግን ከምሳ በኋላ ሶፋው ጥግ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፤ ሁሉም እንቅልፍ ወሰዳት ብለው ይተዋታል።

ሻለቃው ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ወደ ጓዳ ዘመተ። ድስቶቹን በቁመት አሰለፈ። ለማንኪያዎቹ ቦታ መደበና በወረቀት ጽፎ ለጠፈ። ሚስቱ ጨው ባነሳች ቁጥር «ከየት አነሳሽው? የት ትመልሺዋለሽ?» ይላታል። ሴትዮዋ ሁለት ወር ታገሠች። ሲብስባት ኮምፒውተር ገዛችና የጦርነት ጨዋታ አስጫነችበት። «ጓዳዬን ነጻ ለማውጣት ነው» አለች ለእህቷ በስልክ። እትዬ ካርድም «ደግ አደረግሽ» አለቻት። የቱን ጨዋታ እንደሆነ አልጠየቀችም።

ከሦስት ወር በኋላ በአንድ እሁድ ምሳ ላይ ሻለቃው ዝም አለ። በዚያ ቤት ይህ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ያለ ነገር ነው። ሾርባው ቀረበ፣ ጨው መያዣው ቦታው ላይ እንዳለ ማንም ሳይከበው ቀረ።

«ምነው ሻለቃ፣ አመመዎት እንዴ?» አለች እትዬ ካርድ።

«አላመመኝም። አንድ ሰው አለ» አለ ሻለቃው። «እዚያ ጨዋታ ላይ። እኔ ‹የማይደፈረው› ነው የምባለው...»

እትዬ ካርድ የጎረሰችውን ትኩስ ሾርባ እንዳለ ዋጠችው። «የማይደፈረው» የሚባለውን ሰው እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ደፍራዋለች። ችኩል ጎረምሳ ነበር የመሰላት።

«...ፊት ለፊት አይገጥምም» ቀጠለ ሻለቃው። «ፈረሰኞቼን አሰልፌ እጠብቀዋለሁ፤ አይመጣም። ዞር ስል ድልድዩ ተቃጥሏል፣ የእህል ጋሪዎቼ የሉም። ሠራዊቴ ሳይዋጋ ይበተናል። ስሙንም ‹ያልታወቀ› ነው የሚለው። ይህ ተራ ሰው አይደለም። ጡረታ የወጣ ጄኔራል ነው፤ ምናልባትም የውጭ አገር ሰው።»

«እህሉን ለምን በአንድ መንገድ ብቻ ይልኩታል?» አለች እትዬ ካርድ።

ሻለቃው ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ካርድ ክፍል አይደለም» አላት።

«እሱስ ልክ ነዎት» አለችና ዳቦውን አቀበለችው።

በቀጣዮቹ ሁለት ቅዳሜዎች ለአሥረኛና ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ድል አደረገችው። እውነቱን ለመናገር አሥራ አንደኛው ትንሽ ጭካኔ ነበረበት። «ካርድ ክፍል አይደለም» የሚለው ቃል ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ነበርና ዋና ከተማውን ወስዳ ጎተራዎቹን በቁመት አሰለፈችለት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት እህቷ ካርድ ክፍል ድረስ መጣች። በጀርባ በር ገብታ መደርደሪያዎቹ መሀል በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው» አለች። «እህል ውሃ አልቀምስ ብሏል። ደብተር ይዞ ሲጽፍ ይውላል። የጡረተኞች ማኅበር ንግግር እንዲያደርግ ጠርቶት ነበር፤ ‹አሥራ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ምን ያስተምራል› ብሎ እንቢ አላቸው። ያንን ‹ያልታወቀ› የሚሉትን ሰው ባገኘው እግሩ ላይ ወድቄ አንዴ ተሸነፍለት እለው ነበር።»

እትዬ ካርድ የያዘችውን ካርድ ቦታው መለሰች። «እግሬ ላይ አትውደቂ፤ ወለሉ አልተጠረገም» አለች።

 እህቷ ነገሩ ሲገባት እስክታለቅስ ሳቀች፤ በመስኮቱ በኩል ወረፋ የያዙት በሽተኞች አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሳቋ ሲያልቅ ተቆጣች። «ባሌን ነው የምታሰቃዪው?» አለች። ቁጣዋም ሲበርድ ለመነቻት። «አንዴ ብቻ። ምን ይጎድልብሻል?»

ምንም አይጎድልባትም። አርባ ሺህ ካርድ አግኝታ ያልተመሰገነች ሴት አንድ ጦርነት ብትሸነፍ ማን ያውቅባታል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ከፈተች። መሸነፍ ግን ከማሸነፍ ይልቅ ከባድ ሥራ ነው። የግራ ክንፏን ገላልጣ ተወችው፤ አልመጣም። ጠባቂዎቿን ከድልድዩ አነሳች። ዋና ጎተራዋን ያለ አንድ ወታደር ትታ በሩን ከፈተችለት። የማይደፈረው ሠራዊቱን እስከ ጎተራው ደጃፍ አምጥቶ ቆመ። አምስት ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ማያ ገጹ ላይ አጭር መልእክት ወጣ፦ «አዝነህልኝ ነው?»

 ሻለቃው ሠራዊቱን አዙሮ ወደ አገሩ ተመለሰና ከጨዋታው ወጣ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንጀቷን በላው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ጉረኛ ስታየው የኖረችው ሰው የተሰጠውን ድል አልወስድም አለ። ባሏ የተሰጠውን ሁሉ ሲወስድ ኖሮ ነው የሄደው።

እሁድ ምሳ ላይ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሻለቃ፣ ያልታወቀ እኔ ነኝ» አለች።

«ቀልድ ነው?» አለ ሻለቃው ወደ ሚስቱ እያየ። ሚስቱ ሳህኗን አየች።

«በሦስተኛው ጊዜ ፈረሰኞችዎን ከኮረብታው ጀርባ ደብቀው ነበር፤ ለፈረሶቹ ድርቆሽ አላመጡላቸውም። በስድስተኛው ዝናብ ላይ ዘመቱ። ትናንትና ጎተራው ደጃፍ ላይ ተመለሱ» አለች።

ሻለቃው ተነሳ፤ ወንበሩን በሥርዓት ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ፤ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ አልታየም። አንዱን እሁድ ጥርሱን፣ አንዱን ወገቡን፣ አንዱን ደግሞ «ባጠቃላይ» አሞት ነበር። እህቷ በስልክ ድስቶቹ እንደገና መሰለፍ መጀመራቸውን ነገረቻት።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት እትዬ ካርድ ራሷን ሳታቀና «ቀጣይ» አለች። «ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለኝም» አለ አንድ ድምፅ። ሻለቃው ኮቱን ለብሶ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መስኮቱ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሠላሳ ሰው አለ። ወረፋ ይዞ እንደመጣ ከፊቱ የነበሩት በሽተኞች በኋላ መስክረዋል። «አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። በግራ በኩል እንደምመጣ ሁልጊዜ በምን ታውቂ ነበር?»

«እርስዎ ነግረውኝ።»

«መቼ?»

«እሁድ እሁድ። ‹ብልህ አዛዥ በግራ ይመጣል› ብለው በጨው መያዣው ስንት ጊዜ አሳይተውናል። ዝሆኖቹንም አስታውሳለሁ። ዝሆን ሲያስተምሩ ግን ምን እንደሚበላ አይነግሩንም ነበር፤ እሱን ከመጽሐፍ ፈልጌ ነው።»

ሻለቃው መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ትተኚ አልነበረም እንዴ?»

«ዓይኔን ነው የምጨፍነው፤ ካርታው በደንብ የሚታየኝ እንደዚያ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ጌታዬ፣ ካርድዎ ጠፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁት። ሻለቃው አልሰማቸውም። ሃያ ስድስት ዓመት ለስንት ኮርስ መኮንን አስተምሮ፣ ያለውን ሁሉ አንድም ሳይጥል የያዘ አንድ ተማሪ እንዳለው ገና አሁን መስማቱ ነው፤ ተማሪዋም አሥራ አንድ ጊዜ ፈትናዋለች። ፊቱ ከየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ ቸግሮት ቆየ። በመጨረሻ ደብተሩን በቀዳዳው አስገባላት። «ስለ ድርቆሹ የጻፍኩት አለ። ስህተት ካለው አርሚው» አለና ሄደ። ደብተሩ ውስጥ አሥራ አራት ስህተት አገኘች። ሁለቱን ምሕረት አደረገችለት።

የጡረተኞች ማኅበሩን ንግግር በመጨረሻ አደረገው። ርእሱ «ስንቅና ትጥቅ» ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ከስልሳ የማያንሱ ጡረተኞች ሲሦው ነቅቶ ሰምቶታል። ሻለቃው «በዚህ ጉዳይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደሚሉት» እያለ አምስት ጊዜ ጠቀሰ። ባልደረባው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። አንድ ጊዜ የዓመተ ምሕረት ስህተት ሰማችና እጇን አወጣች፤ እህቷ እጇን ይዛ አወረደችው።

አሁን ሁለቱ በአንድ ወገን ነው የሚዋጉት። ውጤቱ የሚያኮራ አይደለም፤ ለየብቻቸው በነበሩበት ጊዜ የተሻለ ይዋጉ ነበር። እሱ ፈረሰኞች ይግቡ ይላል፣ እሷ እህሉ ይድረስ ትላለች። ሲጨቃጨቁ ጠላት ከተማውን ይወስዳል። ሻለቃው ሽንፈቱን በኢንተርኔቱ ያሳብባል፤ እሷ ምክንያቱን በቁጥር ትጽፍለታለች። የእሁዱ ምሳ በአንድ ሰዓት ቀደም ብሏል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ቶሎ በልተው ይነሣሉ። እህቷ ሳህኖቹን እያነሣች ከማድ ቤት ጭቅጭቃቸውን ትሰማለች፤ ጨው መያዣውን ደስ ባላት ቦታ ታስቀምጠዋለች።